በሚስቱ ካርድ የታከመው ሰው

ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስቲቱ ሞተች፤ ካርዷ ግን መታከሙን ቀጠለ።

ቆይ፣ አትቸኩል፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «አንዲት ሴት የወንድሟን ካርድ ይዛ መጣች። ወንድሟ ሩቅ ነው፣ ደህና ነው ብላኛለች። መድኃኒቱን ባስቀጥልላት ምን ክፋት አለው?» ነው ያልከኝ። እዚያ ላይ አላቆምክም። ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማርን የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት ዋርድ ውስጥ ከሚያጣጥር በሽተኛ ራስጌ አንስቶ ተመላላሽ ክፍል ማስቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው አልክ። እዚያ የሚመጣው ሁሉ ደህና ነኝ ይላል፣ አንተ «ያው ይቀጥል» ብለህ ትጽፋለህ፣ ቀጠሮ ትሰጣለህ፣ ቀጣዩ ይገባል። ለዚህ ሐኪም ምን ያደርጋል፣ ማኅተም ይበቃ ነበር አልክ። እሺ። እንግዲያው ማኅተም ስለሆነ አንድ ሐኪም ልንገርህ።

ባልየው ልብስ ሰፊ ነበረ። ከሆስፒታሉ ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ ልኳንዳ ቤት አጠገብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ የተተረተረ ሱሪ ይጠግናል። ልጅ አልወለዱም። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። የልብ ድካም ነበረባት። እግሯ ያብጣል፣ ሁለት እርምጃ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ተጋድማ መተኛት አትችልም። ትልቁ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ድረስ እያመላለሰ ያሳከማት እሱ ነው። ያን ክፍል እስኪያገኙ የጠኑት ደጅ ብዙ ነው፤ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የወረዳው ሆስፒታል፣ ከዚያ የሪፈር ወረቀት፣ ከዚያ «ዛሬ ሞልቷል፣ ሌላ ቀን ኑ»። በመጨረሻ ካርድ ሲወጣላት በፌስታል ጠቅልለው ፍራሽ ሥር አስቀመጡት። የቤት ካርታ እንኳ እንደዚያ አይጠበቅም።

ትርንጎ በሁለት ቀጠሮ መካከል ሞተች። በጠራራ ፀሐይ፣ ደጃፏ ላይ እንደተቀመጠች። እድርተኛው ድንኳን ተከለ፣ ተቀበረች፣ ሰው አስተዛዝኖ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። ከዚያ የቀጠሮዋ ቀን ደረሰ።

ልብስ ሰፊው ማልዶ ተነሥቶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ለምን ሄደ ብትለኝ፣ መርዶ ሊነግር ነው። ያን ያህል ዘመን ያከሟትን ሰዎች ሞታለች ሳይሏቸው መቅረት ነውር መሰለው። ግን መርዶ ወግ አለው። ሰው ቁጭ ይላል፣ ፊት ለፊት ይተያያል፣ ትንሽ ዝም ይባላል፣ ከዚያ ይነገራል። ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ዝም የሚባልበት ቦታ የት አለ? አንዱ ሳይወጣ ሌላው አንገቱን ያስገባል።

ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ስም ትጠራለች። «ትርንጎ ወልደየስ!» ስትል ሰውየው ደነገጠ። ከተቀበረች ወዲህ ስሟን የጠራ ሰው አልነበረም። በሰፈሩ አፍ ትርንጎ «ሟቿ» ሆናለች፣ «ነፍሷን ይማርና» ሆናለች። እዚህ ግን በሕይወት እንዳለ ሰው በሙሉ ስሟ ተጠራች። ብድግ ብሎ «አቤት» አለ።

ውስጥ ያለው ሐኪም ያንተ ቢጤ ነው። የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት፣ ለዚያ ክፍል አዲስ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያዝልኝ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ምሳሌ አይሆንም፣ ክስ ይሆን ነበር። ካርዱ ላይ እንዳቀረቀረ ጠየቀ።

«ታማሚዋ አልመጡም?»

«አልመጣችም።»

«እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

«ባሏ።»

«እንዴት ናቸው ታዲያ?»

ባለቤትህ እንዴት ናት ሲባል ሰው ምን ይላል? አንተስ ምን ትላለህ? ቤትህ እየተቃጠለ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ የምትለውን ታውቃለህ። ምላሱ ከአሳቡ ቀደመና «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ያለው ሰላምታ ነበር። ሐኪሙ ግን እንደ ምርመራ ውጤት ጻፈው።

ልብስ ሰፊው ሊያርም አፉን ከፈተ። በሩ ተገፋ፣ ቀጣዩ በሽተኛ አንገቱን አስገባ። «ያው ይቀጥላል አባባ» አለ ወጣቱ፣ ማዘዣውን እያቀበለው። «በሚቀጥለው ይዘዋቸው ይምጡ። የማይመች ከሆነ ግን አያንገላቷቸው፤ መንገዱ ለሳቸው ከባድ ነው።» አየህ፣ አዝኖ ነው። አይቷት ለማያውቃት ሴት አዘነ። ልብስ ሰፊውም ምን ይበል? እጅ ነሥቶ ወጣ፤ የሙት ሚስቱን መድኃኒት ይዞ ቤቱ ገባ፣ እሷ ታስቀምጥበት የነበረው ቦታ አስቀመጠው።

ከዚያ የሱ ገላ ተራውን ጀመረ። ጠዋት ሲነሣ ፊቱ ይነፋል፣ ዓይኑ አልገለጥ ይላል። ማታ ማታ ጫማው አይወልቅም። ቀኑን ሙሉ መኪናውን የሚረግጠው እግሩ እንደ ጭቃ የጣት ምልክት ይይዝ ጀመር። ሽንቱ አነሰ።

በኛ አገር ደግሞ ፊት ሲሞላ ማንም በሽታ አይለውም። ተመቸው ነው የሚባለው። ጎረቤቱ ልኳንዳ ነጋዴ ቢላዋውን እየሳለ፣ «ጋሼ፣ ሐዘን እንዲህ የሚያወፍር ከሆነ እኔም ነገሩን ከሚስቴ ጋር ልመካከርበት» አለው። ሥጋ ሊገዛ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊውም አብሮ ሳቀ፤ ግን ቃሉ ገብቶ ቀረ። ሚስቱ በሞተች ማግሥት ቀለብ የተስማማው ባል ተባለ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ወጥቶ አሞኛል ቢል ማን ያምነዋል? ቢያምኑትስ፣ እንደገና ከጤና ጣቢያው ሰልፍ መጀመር ነው፤ እንደገና ሪፈር፣ እንደገና «ሞልቷል»። እቤት ውስጥ ደግሞ መድኃኒት ተቀምጧል።

የሷም እግር እንዲህ ነበር ያበጠው። የሷም ትንፋሽ እንዲህ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ በሽታ ነው አለ በልቡ፤ የትርንጎን ክኒን ዋጠ። አሸናው። እብጠቱ ጎደለ፣ ጫማው ወለቀ። ያን ቀን ፎቶዋ ፊት ቆሞ አመሰገናት።

ምን እንደሆነ ላንተ አላስተምርህም። ሰውየው ልቡን አልነበረም ያመመው፤ ኩላሊቱ ነው የደከመው። ከክኒኖቿ አንዱ ውኃውን ስለሚያስወጣ ለጊዜው ቀለለው። የቀሩት ግን ለሷ ልብ ምርኩዝ ነበሩ እንጂ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ፖታሲየሙን ደሙ ውስጥ እያጠራቀሙ የሚያቆዩ ናቸው። ይጠራቀማል፣ ይጠራቀማል፣ አንድ ቀን ልብ ሳይናገር ቆሞ ይቀራል። ይህን ፈተና ላይ ብጠይቅህ ዓይንህን ጨፍነህ ትመልስልኛለህ። ያም ወጣት ጨፍኖ ይመልሰው ነበር። ችግሩም መጨፈኑ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ልብስ ሰፊው ተመልሶ መጣ። ክኒኑ አልቆበታላ። ስሟ ተጠራ፣ «አቤት» አለ፣ «እንዴት ናቸው?» ተባለ፣ «ደህና ናት» አለ። ውሸት መጀመሪያ ነው የሚከብደው፤ ሁለተኛው ላይ መንገዱን ያውቀዋል። ደግሞም፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያን ሁሉ መንገድ የሚያስመጣው ክኒኑ ብቻ አልነበረም። ትርንጎ የምትጠራበት ቦታ በዓለም ላይ ያ ኮሪደር ብቻ ቀርቷል።

ቀጥሎ በመጣ ጊዜ ግን መድኃኒቱ መሥራት አቁሞ ነበር። እብጠቱ ብሶ ተመልሷል፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ እያረፈ ነው የደረሰው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቆረጠ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ የሷንም የኔንም አለ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ወሬ ጀመረችው።

«ለራስዎ ነው አባባ?»

«ለባለቤቴ ነው።»

«ታድላለች እቴ። የኔው ጌታ እኔን ከማምጣት በሬውን እንስሳት ሐኪም ዘንድ መንዳት ይቀለዋል።»

«በሬው ዳነ?»

«በሬውማ ዳነ» አለች። «ለሱ አይቀልዱም።»

እየሳቀ ሳለ ተጠራ። ሳቁ ትንፋሹን ስለወሰደው «አቤት» ማለት አቃተው፤ እጁን አነሣ።

ገብቶ ተቀመጠ። «እንዴት ናቸው?» አለ ወጣቱ፣ ካርዱን እየገለጠ።

«አብጣለች» አለ ልብስ ሰፊው።

ስለ ራሱ ሊናገር ነበር። አፉ የለመደው ግን «እሷን» ሆኖበት በሷ ስም ወጣ። ሐኪሙ ነቃ። ቀኑን ሙሉ ደህና ናት ደህና ነው ሲሰማ የዋለ ሰው፣ በመጨረሻ የሚሠራበት ነገር አገኘ። የተማረውን በቅደም ተከተል ይጠይቅ ጀመር።

«ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል?»

«ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው።»

«ሽንታቸውስ?»

«እየቀነሰ ነው።»

«ፊታቸው ያብጣል?»

«ጠዋት ጠዋት ዓይኗ አይገለጥም።»

ከጥያቄዎቹ አንዱ እንኳ የተሳሳተ አልነበረም። መልሶቹም ያ «እሷ» የሚለው ሲቀር ውሸት የለባቸውም። ያበጠው ፊት ከሐኪሙ ግንባር የአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ቀና ቢል ያየዋል። እሱ ግን ይጽፋል። ቀና ያለውም አንዴ ብቻ ነው፤ ፊቱ የሞላ፣ ጤነኛ የሚመስል አስታማሚ አየና ተመልሶ አቀረቀረ።

እንግዲህ ደንቡን ታውቀዋለህ። የአንደኛ ዓመት ልጅ በራሱ ሥልጣን መድኃኒት አይጨምርም። ካርዱን ይዞ ወደ ሲኒየሩ ይሄዳል፣ ያየውን ያቀርባል፣ ሲኒየሩ ይወስናል። ሲኒየሩ ጋ ሌሎች ሬዚደንቶች ተሰልፈዋል። ተራው ደርሶ አቀረበ፤ አቀራረቡ ያማረ ነበር።

«ሳንባቸውን አዳመጥክ?» አለው ሲኒየሩ።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው። «ታማሚዋ አልመጡም» ቢል ያልቅ ነበር። ሲኒየሩ «ሳታይ ምን ልታቀርብልኝ መጣህ? ሂድ፣ ያምጧት በላቸው» ይለዋል፤ ባልየውም ላምጣት ብሎ የሚያመጣት ሴት ስለሌለችው፣ ወይ ያለቅሳል ወይ ይናገራል። ወጣቱ ግን አሮጊቷን አሰባት፤ በዚያ ትንፋሽ አውቶቡስ ላይ ስትሰቃይ ታየችው። ከኋላው የቆሙትን ጓደኞቹንም አሰበ፤ ይህን አልክድልህም።

«አዳምጫለሁ» አለ። «ከሥር በኩል ውኃ የቋጠረ ድምፅ አለው።»

«ፖታሲየምስ?»

«ያለፈው ምርመራ ደህና ነው።»

ያለፈው የትርንጎ ደም ነው። የትርንጎ ደም አፈር ከሆነ ሰንብቷል።

«እንግዲያው መድኃኒቶቹን ከፍ አድርግላቸው። በቶሎ ቅጠራቸው» አለ ሲኒየሩ፤ ወደሚቀጥለው ዞረ።

ከአንድ ጠረጴዛ ወዲህና ወዲያ ሁለት ሰዎች ተቀመጡ። አንዱ የተቀበረችውን ደህና ናት አለ፣ ሌላው የተቀበረችውን አዳመጥኳት አለ። ሁለቱም ጨዋ ናቸው። አንዱ ለወግ ሲል ዋሸ፣ አንዱ ለርኅራኄ። በመካከላቸው የታከመችው ሞታ ነው፤ ያልታከመው በሕይወት አለ። ለጊዜው።

ማዘዣውን ሲቀበል ልብስ ሰፊው እንደገና ሞከረ። «ዶክተር...» አለ።

«አቤት አባባ?»

በሩ ተገፋ። «ምንም» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

የጨመሩለትን እንዳለ ዋጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልኳንዳ ነጋዴው፣ ያ ቀልደኛው፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲጠፋበት ብቅ ብሎ አየው። ግንባሩን መኪናው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ቢለው፣ «ነገ ቀጠሮ አለኝ» አለው። በማግሥቱ ደግፎ አውቶቡስ ላይ ያወጣው፣ ደግፎ አግዳሚው ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው። ሥጋ ሲሸጥ ሚዛን የሚያዛባበት ሰው ሁሉ ይህን ደግሞ ይቁጠርለት።

ነርሷ በሩ ላይ ቆመች። «ትርንጎ ወልደየስ!» መልስ የለም። ደግማ ጠራች። አግዳሚው ላይ ልብስ ሰፊው ወደ ጎን እያዘነበለ ሄደና የልኳንዳ ነጋዴው ጭን ላይ ወደቀ።

ጩኸት ሲሰማ ወጣቱ ሐኪም እየሮጠ ወጣ። ጎበዝ ነበር እኮ። ወለሉ ላይ አስተኛው፣ ደረቱን ተጫነ፣ አጠገቡ ላሉት የሚሠሩትን አከፋፈለ፣ ሸሚዙ በላብ እስኪጠመቅ አልተወውም። አንተ እውነተኛ ሕክምና የምትለውን፣ ዋርድ ውስጥ የተማረውን ሁሉ፣ እዚያ ኮሪደር ላይ ሠራው። ሰውየው አልተመለሰም።

ከጉልበቱ ሲነሣ፣ «ማን ናቸው? ካርዳቸው የት አለ?» አለ።

ነርሷ አየችው። «የትርንጎ ወልደየስ ባለቤት ናቸው እኮ። አንተ ዘንድ ነው የሚገቡት።»

ወደ ታች ተመለከተ። ፊቱን አላስታወሰውም። ደጋግሞ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ከየት እንደሚያውቀው ጠፋው። ስሟን ግን አወቀ፣ ወዲያው።

«ትርንጎን አውቃቸዋለሁ» አለ። «የኔ በሽተኛ ናቸው። ልባቸው ደካማ ነው፤ ይህንን ድንገት ቢሰሙ አይችሉትም። ቀስ አድርጎ የሚነግራቸው ትልቅ ሰው ይፈለግ።»

ልኳንዳ ነጋዴው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ቀልድ መሰለው መጀመሪያ፤ ደግሞ የሐኪሙን ፊት ሲያይ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው።

«ለማን ነው የምንነግረው ዶክተር?» አለ። «ትርንጎን የቀበርናት ክረምቱ ሳይገባ ነው።»

ታሪኩ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ምን ሆነ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ስለሱ አይደለም የጠየቅከኝ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ዋርድ ውስጥ በሽተኛው ተኝቶ ይጠብቅሃል፤ በሽታው ራሱ እየጮኸ ይጠራሃል፤ ደንቆሮ እንኳ ይሰማዋል። ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ግን በሽታ በእግሩ ነው የሚመጣው። ለብሶ፣ ታጥቦ፣ እጅ ነሥቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያለ፣ አንዳንዴም የሌላ ሰው ስም ተውሶ። ትቀመጣለህ፣ ታቀረቅራለህ፣ ያልፍሃል። ከዋርድ አንሥተን እዚያ የምናስቀምጥህ ቀና ማለትን እንድትማር ነው። መጽሐፍ ላይ የለማ።

ያቺ ሴት ስለ ወንድሟ የነገረችህ እውነት ይሆናል። ደህና ይሆናል፣ በሬ እየጠመደ ይሆናል፣ አላውቅም። አንተም አታውቅም፤ ግን ያው ይቀጥል ብለህ ፈርመሃል። ይሁን፣ ወንድሟን እንተወው። እስቲ ስለሷ ንገረኝ። ፊት ለፊትህ ስለተቀመጠችው። ወፍራም ናት ቀጭን? ስትናገር ታስላለች? ስትነሣ ጠረጴዛውን ተደግፋ ነበር? መልኳን ንገረኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ማስታወሻህን አታገላብጥ፤ መልኳ እዚያ የለም።

እንግዲያው ከዚያ ወጣት ጋር አንድ ናችሁ፤ ልዩነታችሁ ያንተዋ ገና አግዳሚው ላይ አለመውደቋ ነው። ተነሥ። መድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ረጅም ነው፤ ገና ተራዋ አልደረሰም ይሆናል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በምን እንደምትለያት ግን እኔ ልነግርህ አልችልም።